የአርባዋ ሌንስ

ሥራ በጀመርኩበት ሳምንት ሰው ሰገራውን በምን በምን ይዞ እንደሚመጣ አወቅኩ። በክብሪት ቀፎ የሚያመጣው ጨዋው ነው። በኮባ ቅጠል የሚጠቀልል ነበር፤ በጫት ላስቲክ የሚቋጥር ነበር፤ በቲማቲም ድልህ ጣሳ እስከ አፉ ሞልቶ እንደ ስጦታ በሁለት እጁ የሚያቀብለኝም ነበር። አንዲት ሴትዮ በሲኒ አምጥታ ከሰጠችኝ በኋላ አልሄድም ብላ ቆመች። ምን እንደፈለገች ስጠይቃት፣

«ሲኒዬን መልሺልኛ! ስድስት ናቸው፤ አንዱ ከጎደለ ለእንግዳ በምን ላቀርብ ነው?» አለችኝ።

ያን ቀን ምሳዬን አልበላሁም።

ይህ የሆነው በደርግ ዘመን ነው። ሃያ አንድ ዓመቴ ነበር። የላቦራቶሪ ትምህርቴን እንደጨረስኩ ድልድሉ መርካቶ ውስጥ፣ ከተክለ ሃይማኖት ብዙም የማይርቅ ጤና ጣቢያ ላይ ጣለኝ። ክፍላችን አንድ መስኮት፣ አንድ ጠረጴዛና ውሃው በየሰዓቱ የሚጠፋ አንድ ቧንቧ ነበራት። መስኮቱ ወደ ገበያው ስለሚከፈት ጠዋት የበርበሬ ብናኝ ገብቶ ያስነጥሰናል፤ ከሰዓት ዝንቡ ይገባል። ዝንቡ ከኛ ጠረጴዛ ተነስቶ ከመስኮቱ ሥር ወደተቀመጡት ሙዝ ሻጮች ሲወርድ በዓይኔ እከተለው ነበር። ከዚያ ወዲህ ከመንገድ ላይ ሙዝ ገዝቼ አላውቅም።

ደም አይቀፈኝም። አክታም ቢሆን ትንፋሼን ይዤ እችለዋለሁ። ሰገራን ግን መቼም አልለመድኩትም። ሥራዬ በስንጥር ጫፍ ትንሽ ቆንጥሮ ማንሳት፣ ስላይድ ላይ በጨው ውሃ ጠብታ መበጥበጥ፣ ከዚያም ቀጭኗን መስታወት ከላይ ማልበስ ነበር። በቀን አርባ፣ አንዳንዴ ስልሳ። ማታ ቤቴ ገብቼ ሽሮ ስበጠብጥ እጄ ያንኑ ዙር ሲዞር ይሰማኝና ማማሰያውን እጥለዋለሁ።

የክፍሉ ኃላፊ ሃምሳ ዓመት የሚሆናቸው ሰው ነበሩ። ጋሼ ነበር የምላቸው። ጋዋናቸው ሁልጊዜ ነጭ ነው፤ አንድ ነጥብ አይታይበትም። ቧንቧው ውሃ ካለው እጃቸውን በቀን ሃያ ጊዜ ይታጠባሉ። ከኪሳቸው ግማሽ ሎሚ አይጠፋም፤ በየመሀሉ አውጥተው ያሸቱታል። ምሳ ሰዓት ሌላው ሠራተኛ ግቢው ውስጥ ሰብሰብ ብሎ ሲበላ እሳቸው ብቻቸውን ወዲያ ወዲህ ይላሉ። ንጹሕ ሰው ናቸው ብዬ አከበርኳቸው።

ማይክሮስኮፑ አንድ ብቻ ነበር። የሚያድረው በእንጨት ሳጥን ተቆልፎ ሲሆን ቁልፉ ከጋሼ ኪስ አይወጣም። ጠዋት አውጥተው መስኮቱ ሥር ያስቀምጡታል፤ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ይቀመጣሉ። እኔ የቀባሁትን ስላይድ በተራ አቀብላቸዋለሁ። ጎንበስ ይላሉ፣ አምስት እስክቆጥር እንኳ አይቆዩም፣ «አሜባ» ይላሉ። እጽፋለሁ። የሚቀጥለውን አቀብላለሁ። «ምንም የለም» ይላሉ። እጽፋለሁ። ትምህርት ቤት እኔ አንዱን ስላይድ ለማየት አሥር ደቂቃ ይፈጅብኝ ስለነበር ልምድ ማለት ይሄ ነው ብዬ ተደነቅኩ። እኔም ልየው ብዬ ስጠይቃቸው፣

«መጀመሪያ መቀባቱን በደንብ ልመጂ» ይሉኛል።

ሦስት ወር ሙሉ መቀባት ተማርኩ።

አንድ ቀን ጠዋት የመሥሪያ ቤቱ ካድሬ መጥቶ ጋሼን ጠራቸው። የእጅ ጽሑፋቸው ያማረ ስለነበር ለአብዮት በዓሉ ሰልፍ መፈክር ጨርቅ ላይ እንዲጽፉ ተፈልገው ነበር። እንቢ አይባልም። ማይክሮስኮፑን ከሳጥኑ አውጥተው ነበርና መልሰው ሊቆልፉ ሲሉ ካድሬው «ኧረ ጓድ፣ ቶሎ በሉ!» ብሎ አጣደፋቸው።

«ቀብተሽ ደርድሪው። እኔ ስመጣ አየዋለሁ፤ አንቺ እንዳትነኪ» ብለውኝ ሄዱ።

ወዲያው አንዲት ቅቤ ነጋዴ ገቡ። ቀድሞም አውቃቸዋለሁ፤ ቅቤ ተራ የሚሸጡ፣ ዕድሜያቸው አርባዎቹ ውስጥ ያለ ሴት ናቸው። ከሳቸው በፊት የቅቤያቸው ሽታ ይገባል፤ የከረመ፣ ጉሮሮ የሚይዝ ሽታ። በሦስት ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ ተመርምረው ሦስቱንም ጊዜ «አሜባ» ብዬ ጽፌላቸዋለሁ። አሁን ደረጃዋን ወጥተው ትንፋሻቸው ተቆራርጦ ግድግዳ ተደግፈው ቆሙ።

«እትዬ፣ ይቀመጡ እንጂ» አልኳቸው።

«ልጄ፣ ይሄ አራተኛዬ ነው» አሉና የክብሪቱን ቀፎ ዘረጉልኝ። «ያ ኪኒን አፌን ብረት ብረት አስባለው እንጂ ምንም አልረባኝ። ልቤ ይመታል። የቅቤ ቅሉን ማንሳት አቃተኝ። ደሞ አንድ የማላወራው ነገር አለ…» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «አፈር ያምረኛል። ግድግዳ ላሺ ላሺ ይለኛል። እንደ ነፍሰ ጡር!»

የታችኛውን የዓይናቸውን ቆብ ገለጥ አድርጌ አየሁ። ቀይ መሆን የነበረበት እንደ ወረቀት ነጭ ነው። ደማቸው አልቋል። ከሰዓት እንዲመለሱ ነግሬ ሸኘኋቸው፤ ስላይዱን ቀባሁ፤ ከዚያም ትእዛዙን ጥሼ ጋሼ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ።

ከማይክሮስኮፑ ሥር ያለውን መስታወት ወደ መስኮቱ አዙሬ ብርሃኑን ያዝኩ። በትንሿ፣ አሥር ጊዜ በምታጎላው ሌንስ ጀመርኩ። ብዙ አልፈለግኩም። ከቆሻሻው መሀል ሞላላ፣ ጠርዛቸው ቀጭን፣ እንደ ጠብታ የጠሩ ነገሮች ታዩኝ። አንድ፣ ሁለት፣ ስላይዱን ስገፋው ሦስት፣ አራት። የመንጠቆ ትል እንቁላል ይመስላል። ውስጡን ለይቼ ላረጋግጥ ብዬ አርባ ጊዜ የምታጎላውን፣ አርባዋን ሌንስ አዞርኩ።

ጭጋግ ብቻ ሆነ። ሌላ ምንም የለም፤ ደፍራሽ፣ ቡናማ ነገር።

መጀመሪያ ጥፋቱ የኔ መሰለኝ። ሌንሷን ከፍ ዝቅ የምታደርገውን ዊንጭ አዟዟርኩ። መስታወቱን እንደገና አስተካከልኩ። በመጨረሻ አስተማሪያችን ያሳየን ነገር ትዝ አለኝ፤ የላይኛውን የዓይን ሌንስ በጣት ማዞር ነው። ቆሻሻው አብሮ ከዞረ ያለው እዚያው ላይ ነው፤ ካልዞረ ታች ነው። አዞርኩት። ጭጋጉ ንቅንቅ አላለም። አርባዋን ከቦታዋ ፈታሁ፣ የዓይን ሌንሱን መዝዤ ገልብጬ እንደ ማጉያ አድርጌ ጫፏን አየሁ። የደረቀ የምርመራ ዘይት፣ ከላዩ የደረቀ ሰገራ፣ ከላዩ አቧራ። ተጋግሮ ሰነጣጥቋል። የአንድ ወር አይደለም። ከኔ መምጣት በፊት የነበረ ነው።

በአርባዋ የሚያይ ሰው ከጠፋ ቆይቷል ማለት ነው፤ አሜባ ደግሞ ያለሷ አይለይም። ትንሿ ሌንስ ደህና ናት፤ በሷ እንኳ አንዴ ቢታይ የእትዬ ጣጣ ይታወቅ ነበር። እሱም አልታየም። ሦስት ወር አፍንጫዬን ይዤ፣ ምሳዬን እየተውኩ የቀባሁት ሁሉ ማንም ሳያየው ወደ ማጠቢያው ነው የሄደው።

የሌንስ መጥረጊያ ከመጋዘን ካለቀ ቆይቶ ነበር። ምሳ ሰዓት አርባዋን በመሐረብ ጠቅልዬ ወደ ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ በሚወርደው መንገድ ላይ ወደሚሠሩ አንድ ሰዓት ሠሪ ሄድኩ። የወሎ ሰው ናቸው፤ የአባቴን ሰዓት ያደሱልን እሳቸው ነበሩ። የሰዓት ጥርስ የሚያጥቡበት ንጹሕ ቤንዚንና ለስላሳ ጥጥ እንዳላቸው አውቃለሁ። ማጉያቸውን ዓይናቸው ላይ ሰክተው ተቀበሉኝ።

«ወላሂ፣ እንዲህ ያለች ደቃቃ ሌንስ አይቼ አላውቅም» አሉ እያገላበጡ። «ይቺ ከኔዋ ታንሳለች። ምኑን ነው የምታጎላው?»

«የርስዎ ብቻዋን ነው የምትሠራው፤ ይቺ ጓደኛ አላት» አልኳቸው። «ይቺ ታች፣ ነገሩ አፍንጫ ሥር ነው የምትቀመጠው። የነገሩን ምስል አርባ ጊዜ አሳድጋ፣ ገልብጣ፣ ላይ ቱቦው ውስጥ ታቆመዋለች። ከላይ ደግሞ ዓይን የሚጠጋበት ሌላ ሌንስ አለ። እሱ ልክ እንደርስዎ ማጉያ ነው፤ ግን ነገሩን ራሱን አያይም፤ ያንን ቱቦ ውስጥ የቆመውን ምስል ነው የሚያየው። እሱኑ እንደገና አሥር ጊዜ ያጎላዋል።»

«አርባና አሥር… ሃምሳ?»

«አይ፣ አርባ ጊዜ አሥር። አራት መቶ ነው የሚሆነው።»

ፉጨታቸውን ለቀቁ። «ገልብጣ ነው ያልሽኝ?»

«አዎ። ስላይዱን ወደ ቀኝ ሲገፉት ወደ ግራ ሲሄድ ነው የሚታየው። እጅ እስኪለምድ ያስቸግራል።»

ትንሽ አሰቡ። «ታዲያ ልጄ፣ የታችኛዋ እንዲህ ተጋግራ ላይኛው ምን አገኝ ብሎ ነው የሚያጎላው? ጭጋጉን ነዋ!»

«ጭጋጉን ነው» አልኳቸው። አብረውኝ ከተማሩት ግማሾቹ ይህን ለመረዳት አንድ ሳምንት ፈጅቶባቸው ነበር።

በቤንዚን ባራሱት ጥጥ ከመሀል ወደ ዳር እየዞሩ ቀስ ብለው ጠረጉ። ጥጡ ቡናማ ሆነ። ሌላ ጥጥ፣ ደግሞ ሌላ። በመጨረሻ ሌንሷን ወደ አፋቸው አስጠግተው «ሃህ» ብለው ተነፈሱባት፤ ከንፈራቸው ሊነካት ምንም አልቀረው። ሦስት ጊዜ ተነፍሰው በሻሽ አደረቋት። ሳትናገር ያለፈችውን ምላሴን የረገምኩት ያን ጊዜ ነው።

«ለመሆኑ በዚች ምንድን ነው የምታዪባት?» አሉኝ እየዘረጉልኝ።

መዋሸት አልቻልኩም። «ሰገራ ነው።»

እጃቸው አየር ላይ ቀረ። ጥጦቹን አዩ፣ ጣቶቻቸውን አዩ። «አስተግፊሩላህ!» ብለው ወደ ቦዩ ተፉ፤ ደግመው ተፉ፤ ውሃ ከጀሪካኑ ቀድተው ተጉመጠመጡ። «ቀድመሽ አትነግሪኝም ነበር? ሙስሊም አይደለሁም? ሰውስ አይደለሁም?» እግራቸው ላይ ልወድቅ ምንም አልቀረኝ። ይቅርታ እየለመንኩ ሄድኩ። ከዚያ በኋላ በዚያ መንገድ ሳልፍ ሰላምታቸውን አልነፈጉኝም፤ እጃቸውን ግን ዘርግተውልኝ አያውቁም።

አርባዋን መልሼ ሰካሁ። አሁን እንቁላሉ እንደ መስታወት ጠርቶ ታየ፤ ከስሱ ቅርፊቱ ሥር አራት፣ አምስት ሆኖ የተከፋፈለው ውስጡ ይቆጠራል። የመንጠቆ ትል ነው፤ ጥርጥር የለውም።

እትዬ ከሰዓት ሲመለሱ በሽታቸው ሌላ መሆኑን ነገርኳቸው። ጓሮ ሲሠሩ ጫማ ያደርጉ እንደሆነ ጠየቅኳቸው።

«አገር ቤት ስወርድ? በእንሰት ማሳ ውስጥ ማን ጫማ ያደርጋል?»

«ትሉ ከአፈሩ በእግር ቆዳ ነው የሚገባው። ያየሁት እንቁላሉን ነው።»

«እኔም ልየው» አሉ። ባያዩት ይሻል ነበር፤ ግን ነጠላቸውን አጥብቀው አጣፍተው ወንበሩ ላይ ተቀመጡ። አንድ ዓይናቸውን በእጃቸው ከደኑ፤ በሌላው ቱቦው ውስጥ አዩ።

«ይሄ እንቁላሉ ነው። እናቲቱስ?»

«አንጀትዎ ላይ ነክሳ ተጣብቃለች። አንድ ብቻ አይደለችም። ደምዎን የምትመጠው እሷ ናት።»

ተነስተው ነጠላቸው ጫፍ ላይ ተፉ። «ቱ! ቱ! እኔ ለልጆቼ በላሁ እያልኩ ለሷ ስበላ ነዋ የከረምኩት!» አሉ። ከዚያ ዞረው አዩኝ። «ልጄ፣ እንግዲህ እንዲህ ቁልጭ ብሎ የሚታይ ከሆነ፣ እስከ ዛሬ ማን ነበር የሚያየው?»

«ሌንሷ ቆሽሻ ነበር» አልኩ።

ውሸት አይደለም፤ ግን ውሸት ነው። አንገቴን ደፍቼ ወረቀቱን ጻፍኩላቸው፤ ሐኪሙም የትል መድኃኒትና ለደም ማነስ የሚሆን ኪኒን አዘዘላቸው። «እግዜር ይስጥሽ» ብለው ግንባሬን ሲስሙኝ ራሴን ጠላሁት።

በማግስቱ ጋሼ ጣቶቻቸው በቀይ ቀለም እንደተነከሩ ገቡ። ሳጥኑ አጠገብ ቆሜ ጠበቅኳቸው።

«ጋሼ፣ አርባዋ ከቆሸሸች ስንት ጊዜዋ ነው?»

ማይክሮስኮፑን አዩት። እኔን አዩኝ። በሩን ዘጉት።

«ለማን ተናገርሽ?»

«ለማንም።»

ወንበሩ ላይ ተቀመጡና ሎሚያቸውን አወጡ፤ ግን አላሸተቱትም፤ ጨበጡት። «ሃያ ዓመት አይቻለሁ» አሉ። «ሃያ ዓመት ሙሉ የሰው ሰገራ! ምንም አይመስለኝም ነበር። አንድ ቀን ጠዋት አንዲት እጭ አየሁ፤ ገና በሕይወት ያለች፣ ስትገላበጥ። ስንት አይቻለሁ እንደሷ ያለ። ምሳ ቤት ስገባ መኮሮኒ ቀረበልኝ። ሰሃኑ ውስጥ ስትገላበጥ አየኋት። በቃ። ከዚያ ወዲህ ዓይኔን ወደ ቱቦው ሳስጠጋ ወደ ላይ ይለኛል። ጎንበስ እልና ዓይኔን እጨፍናለሁ።»

«ዓይንዎን ይጨፍናሉ?»

«ከቀጠነ አሜባ እላለሁ። ካልቀጠነ ምንም የለም እላለሁ። ብዙውን ጊዜ ልክ ነው።»

ብዙውን ጊዜ ልክ ነው! ይህን ሲሉ ፊታቸው ላይ ትንሽ ኩራት አየሁ። ከዚያች ክፍል ጣሳዎች ሁሉ ይልቅ ያች ኩራት ቀፈፈችኝ።

«ሰው እኮ ነው» አልኩ። «ሴትዮዋ ሊሞቱ ነበር። ለኃላፊዎቹ ነግረው ሌላ ሥራ አይጠይቁም ነበር?»

«ምን ብዬ? አብዮታዊው የጤና ሠራተኛ ሰገራ ቀፈፈው ልበል?» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «አሁን ይሄን ስብሰባ ላይ ብታነሺው ምን እንደሚሉኝ ታውቂያለሽ። ሳቦተር፣ አሻጥረኛ ነው የሚሉኝ። ከዚያ በኋላ የት እንደምገባ አንቺም አታውቂ፣ ልጆቼም አያውቁ።»

አውቅ ነበር። በዚያን ጊዜ ያ ቃል አንድ ሰው ላይ ከተለጠፈ ሰውዬውን እንጂ ቃሉን የሚመረምር አልነበረም። ልትፋባቸው ፈለግኩ፤ ላስጨርሳቸው ግን አልፈለግኩም። የባሰ ያስጠላኝ ደግሞ መኮሮኒው የገባኝ መሆኑ ነው። ማታ ማታ የምጥላት ማማሰያ ትዝ አለችኝ፤ እሳቸው አሁን ያሉበት ለመድረስ እኔ ስንት ዓመት ይቀረኝ ይሆን አልኩ።

«ቁልፉን ይስጡኝ» አልኳቸው።

ሰጡኝ። ሙቅ ነበር፤ እጃቸው አልቦታል። ከጋዋኔ ኪስ ከመክተቴ በፊት በአልኮል ጠረግኩት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔ ቀባሁ፣ እኔ አየሁ፤ እሳቸው መዝገቡን በዚያ ባማረ ጽሑፋቸው ጻፉ። የፊተኛውን መዝገብ አገላብጬ ሰዎቹን እንጥራቸው ብዬ ነበር። «በምን ምክንያት ብለን?» አሉኝ፤ መዝገቡን ዘጋሁት። በራሳቸው የተመለሱትን ደግሜ መረመርኩ፤ አንዱ ወስፋት፣ ሌላዋ ኮሶ፣ ሌላው በእውነትም አሜባ ሆኖ ተገኘ። ያልተመለሱት ምን እንደሆኑ አላውቅም። እትዬ ከሁለት ወር በኋላ ከንፈራቸው ቀልቶ መጡ። በኮባ የተጠቀለለ ለጋ ቅቤ አመጡልኝ። ከኮባ ውስጥ ስንት ነገር ፈትቼ አውቃለሁና መጠቅለያውን ሳልፈታ ለጽዳት ሠራተኛዋ ሰጠኋት።

ከዓመት በላይ እንዲህ ሠራን። ከሥራ ውጭ አንድ ቃል አልተነጋገርንም። ኋላ ጋሼ ወደ መድኃኒት መጋዘን ተዛወሩ። በመጨረሻው ቀናቸው ዕቃቸውን ሰብስበው ሲያበቁ አጠገቤ መጥተው ቆሙ።

«አንዴ ልየው» አሉኝ።

ወንበሩን ለቀቅኩላቸው። ሌንሱ ሥር የነበረው እኔ አይቼ የጨረስኩት ስላይድ ነው። ዓይናቸው ተከፍቶ ነበር። ስላይዱን በአውራ ጣታቸው ገፉ፤ ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ፣ አንድም ጊዜ ሳይሳሳቱ፣ ሃያ ዓመት የሠራ እጅ እንደሚገፋው። ቀና ሳይሉ፣

«ወስፋት» አሉ። «ጥጉ ላይ ደግሞ ጃርዲያ አለ። እሱን አላየሽውም?»

ከዚያ አፋቸውን በመዳፋቸው ይዘው ወጡ። ግቢው ውስጥ ሲያስመልሳቸው እስከ ክፍላችን ይሰማ ነበር።

የዓይን ሌንሱን ጠርጌ ተቀመጥኩና ጥጉን ፈለግኩ። ጃርዲያው ነበረ፤ ሁለት ነበሩ እንዲያውም። እኔ አልፌያቸው ነበር። እሳቸው ፈልገው ቢሆን ያን ሁሉ ጊዜ ማየት ይችሉ እንደነበር ሳስብ፣ ከሁሉ የባሰው ማቅለሽለሽ ያን ጊዜ መጣብኝ። መዝገቡን ስቤ «ወስፋት» ከሚለው ቀጥሎ «ጃርዲያ» ብዬ ጨመርኩበት፤ በር ላይ የቆመውን ሰውዬም «ግባ» አልኩት። ጣሳ ይዞ ነበር።